ለፔሌት ምድጃ የሚሆን ቫኪዩምና የጽዳት መሣሪያ

የፔሌት ምድጃ አመድ ሁለት አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ እጅግ የላመ ነው፣ ፍምም ይሸሽጋል። ቫኪዩሙ፣ ብሩሹና መፋቂያው የሚመረጡት እነዚህን ሁለት ጠባዮች በማየት ነው። የሞተሩ ዋትና የበርሜሉ መጠን ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

ፔሌት የሚባለው ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ ደርቆ፣ ተፈጭቶና በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ የሚወጣ፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሆነ ማገዶ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን በጭመቃው ሙቀት ስለሚለሰልስ ፍቅፋቂውን አያይዞ ያስቀረዋል። ይህን ማገዶ የሚያነድ የቤት ማሞቂያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የቦይንግ መሐንዲስ ከነበረው ከጄሪ ዊትፊልድ ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶችና በአውሮፓ፣ ከሁሉም በላይ በጣሊያን፣ በብዙ ቤቶች ይገኛል።

የምድጃው አሠራር ጽዳቱን ከተራ የእንጨት ምድጃ ጽዳት ይለየዋል። ጠመዝማዛ ዘንግ ፔሌቱን ከማጠራቀሚያው ጥቂት በጥቂት እየገፋ የማንደጃ ሳህን ላይ ይጥለዋል። በሳህኑ ቀዳዳዎች አየር ይገባል። የተቃጠለውን ጋዝ አንድ ፋን በሙቀት ማስተላለፊያው በኩል ስቦ በቀጭን ቧንቧ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። የቧንቧው ስፋት በአሜሪካ 3 ወይም 4 ኢንች፣ በአውሮፓ በብዛት 80 ሚሊሜትር ነው። ጭሱ በፋን ስለሚሳብ መተላለፊያዎቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ሆነው መሠራት ይችላሉ። ሙቀቱ በደንብ የሚወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አመዱ የሚደበቅባቸው ጥጋጥጎችም የተፈጠሩት ከዚሁ ነው።

ጥሩ ፔሌት አመዱ ጥቂት ነው። በአውሮፓው የኢኤንፕላስ መመዘኛ የኤ1 ደረጃ ፔሌት አመድ ከክብደቱ 0.7 በመቶ፣ የኤ2 ደግሞ 1.2 በመቶ መብለጥ የለበትም። በአሜሪካ ፔሌት ፊውልስ ኢንስቲትዩት መመዘኛ ፕሪሚየም የሚባለው እስከ 1 በመቶ ይፈቀድለታል። በክረምት 3 ቶን የኤ1 ፔሌት የሚያነድ ቤት በጠቅላላው ቢበዛ 21 ኪሎ አመድ ያወጣል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ስለሚመስል ያዘናጋል። ከባዱ አመድ ከሳህኑ ሥር ወዳለው መሳቢያ ይወርዳል። ቀላሉ ከጭሱ ጋር ተንሳፎ ከጀርባ ሰሌዳዎች ኋላ፣ ከማስተላለፊያ ቱቦዎች ላይ፣ ከፋኑ ምላሶችና ከቧንቧው መታጠፊያ ላይ ይተኛል። መሳቢያውን በየሳምንቱ የሚያራግፍ ሰው ምድጃው ንጹሕ ይመስለዋል፤ ዋናው ክምችት ግን ዓይን በማያየው ቦታ እየወፈረ ይሄዳል።

መተላለፊያው ሲጠብ መጀመሪያ የሚታየው ነበልባሉ ላይ ነው። ቀልጣፋና ደማቅ የነበረው ይረዝማል፣ ይሰንፋል፣ ወደ ብርቱካን ቀለም ያደላል፤ መስታወቱም ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል። በማስተላለፊያው ላይ የተኛው አመድ ሙቀት እንዳያልፍ ስለሚከለክል ያው ፔሌት ነዶ ቤቱ በቂ ሙቀት አያገኝም። በመጨረሻም በጭስ መንገዱ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው ስዊች ምድጃውን ያጠፋዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለቤቶች ስዊቹን ወይም ፋኑን ለመቀየር ገንዘብ ያወጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ጽዳት ብቻ ነው። የበሩ ጓርኒሲዮን ያረጀ ከሆነ ደግሞ መውጫ ያጣው ጋዝ ወደ ክፍሉ ሊያፈተልክ ይችላል። ስለዚህ ምድጃው ባለበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መኖሩ ግድ ነው።

ፍሙና ቫኪዩሙ

በኢትዮጵያ ገጠር ማታ ፍም አመድ ውስጥ ተዳፍኖ ያድራል፤ ጠዋት ተቆስቁሶ እሳት ይነድበታል። የፔሌት ምድጃ አመድም ይህን ያደርጋል። አመዱ አየር ስለሚከለክል ፍሙ በዝግታ ይነዳል፣ ሙቀቱም ስለማይወጣ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ላዩን በእጅ ሲዳስሱት የቀዘቀዘው ክምር ውስጡ ቀናት ያለፈው ፍም ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ፍም ቫኪዩም ውስጥ ሲገባ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል። በቱቦው የሚሮጠው አየር እንደ ወናፍ ያነቃዋል፤ ከዚያም ወረቀት ከረጢት ወይም ተራ ማጣሪያ ላይ ያርፋል። ቃጠሎው ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይታይም። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ ሲጨስ ይገኛል።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ሕግ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። ምድጃው ጠፍቶ ሙሉ ሌሊት ሊያድር ይገባል፤ መሳቢያው ውስጥ ወፍራም ክምር ካለ ደግሞ ቀድሞ በብረት አካፋ ወደ ብረት ባልዲ ይገለበጣል። ቫኪዩም የሚደርሰው አካፋው ላተረፈው ስስ አመድ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ሰው የማሽኑ ማጣሪያም ቶሎ አይደፈንበትም።

የቫኪዩም ዓይነቶች

ምንጣፍ የሚጠርግ ተራ የቤት ቫኪዩም ለዚህ ሥራ አይሆንም። አካሉ ፕላስቲክ፣ ከረጢቱ ወረቀት ወይም ስስ ጨርቅ ነው። ማጣሪያው ለፀጉር፣ ለአሸዋና ለክር የተሠራ በመሆኑ የላመውን አመድ በጀርባው በኩል ወደ ክፍሉ መልሶ ይረጨዋል። ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ሽፋን የሚገኘው ለዚህ ነው። የቀረው አመድ ሞተሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው የተሳበው አየር ከሆነ ካርቦኑንና ኩሽኔቱን እየበላ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ደረቅና እርጥብ የሚስበው የጋራዥ ቫኪዩም የተሻለ መነሻ ነው። ሞተሩ ጠንካራ፣ በርሜሉ ሰፊ፣ ዋጋውም መጠነኛ ነው፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከቆሻሻው አየር በተለየ ንጹሕ አየር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው ማጣሪያ ግን ለሰጋቱራና ለእንጨት ስንጣሪ እንጂ ለአመድ አይበቃም። ለጂፕሰም ብናኝ የሚሸጠው ባለብዙ ንጣፍ ከረጢትና ሄፓ የሚባለው እጅግ የላመ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ሲገጠሙለት አመዱን በሚገባ ይይዛል። ጉድለቱ የፕላስቲክ አካሉና ከረጢቱ ናቸው፤ ስለዚህ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ አመድ ውጭ መቅረብ የለበትም።

ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው የአመድ ቫኪዩም በርሜሉ ከላሜራ፣ ቱቦው ከብረት ወይም ውስጡ በብረት ከተለበጠ ቁስ፣ ማጣሪያው ቶሎ እሳት ከማይዝ ጨርቅ የተሠራ ነው። ሳይታይ የገባ አንድ ፍም እዚያው ብረቱ ውስጥ ታፍኖ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይሁንና ስሙ ብዙዎችን ያሳስታል። «የአመድ» ተባለ እንጂ ለትኩስ አመድ አልተሠራም፤ አምራቾች በመመሪያቸው የሚፈቅዱት የሙቀት መጠን አብዛኛውን ጊዜ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ይህም በእጅ ሊያዝ የሚችል ለብታ ነው። በዚህ ስም የሚሸጡት ሁሉ እኩልም አይደሉም። ርካሾቹ ክዳናቸው በደንብ ስለማይገጥም በጠርዙ በኩል አመድ ያፈሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ባለአንድ ንጣፍ ማጣሪያ ብቻ ስላላቸው ሥራው ሳይጋመስ ይደፈናሉ። ሲገዛ የሚታየው የክዳኑ ጎማና መቆለፊያው፣ ማጣሪያው ባለሁለት ደረጃ መሆኑ፣ ማሽኑ ሳይከፈት ማጣሪያውን የሚያራግፍ እጀታ መኖሩ፣ መለዋወጫ ማጣሪያ በቀላሉ መገኘቱ ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ማጣሪያው የማይገኝለት ማሽን ከሁለት ክረምት በኋላ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛው መንገድ ከቫኪዩሙ በፊት ሳይክሎን መጨመር ነው። ሳይክሎን አየሩን በክብ እያሽከረከረ ከባዱን አመድ ወደ ባልዲ የሚጥል ሾጣጣ ዕቃ ነው። አብዛኛውን አመድ ስለሚያስቀር ማጣሪያው ረጅም ጊዜ ይሠራል፤ እጅግ የላመው ግን ያመልጠዋልና ሄፓውን አይተካም። ባልዲው ብረት መሆን አለበት፤ ላሜራው ስስ ከሆነ ደግሞ የቱቦው አፍ ሲደፈን በሚፈጠረው ባዶነት ይጨፈለቃል።

ምድጃው በየቀኑ ለሚነድበት ቤት፣ አንድ ማሽን ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ባለሁለት ደረጃ ማጣሪያ ያለው የብረት የአመድ ቫኪዩም ይመረጣል። ጥሩ የጋራዥ ቫኪዩም አስቀድሞ በቤቱ ካለ ግን ከረጢትና ሄፓ ገዝቶ ለትልቁ ጽዳት ማዋል ከአዲስ ማሽን ይልቅ አዋጪ ነው።

ማጣሪያው ከሞተሩ ይቀድማል

ከጭሱ ጋር የሚንሳፈፈው አመድ ቅንጣቱ እስከ ጥቂት ማይክሮን፣ አንዳንዱም ከ1 ማይክሮን በታች ይወርዳል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ከ10 ማይክሮን በታች ያለው በአፍንጫ ሙሉ በሙሉ አይታገድም፣ ወደ ሳንባ ይዘልቃል። በዚያ ላይ የእንጨት አመድ የካልሲየምና የፖታሲየም ውህዶች ያሉበት ጠንካራ አልካላይን ስለሆነ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክት ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ለመያዝ ከተሠራው የመነጨ ነው። በአሜሪካ መለኪያ 0.3 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት 99.97 በመቶ መያዝ አለበት፤ በአውሮፓ ኤች13 የሚባለው ደረጃ ለማጣሪያው እጅግ አስቸጋሪ በሆነው መጠን 99.95 በመቶ ይይዛል። «የሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚል ጽሑፍ ይህን ግዴታ አያሳይም። ትክክለኛው ሄፓም ቢሆን በቀጥታ ለአመድ ከተጋለጠ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናል። ስለዚህ ከፊቱ ወፍራሙን የሚያስቀር ጨርቅ ወይም ከረጢት ያስፈልገዋል። ማሽኑ ምንም ያህል ቢያጣራ በሩ ሲከፈትና ብሩሹ ሲሠራ አቧራ መነሳቱ አይቀርም፤ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ማስክና መነጽር ከመሣሪያዎቹ መካከል ይቆጠራሉ።

በካርቶን ላይ ያሉ ቁጥሮች

በአሜሪካ ገበያ የጋራዥ ቫኪዩም «6.5 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ ሲሸጥ ይታያል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ 6.5ቱ ከ4,800 ዋት ይበልጣል። የአሜሪካ ቤት ተራ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ሲሆን ሊሰጥ የሚችለው 1,800 ዋት ብቻ ነው። ቁጥሩ ሞተሩ ለቅጽበት የሚያሳየውን ከፍታ ይነግራል እንጂ ሲሠራ የሚኖረውን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ተራ የቤት ቫኪዩሞችን በ900 ዋት ገድቧል፤ ማሽኖቹ ዛሬም ይጠርጋሉ።

የሚጠቅሙት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ የአየሩ ብዛትና የስበቱ ጥልቀት። የአየሩ ብዛት ቱቦው ክፍት ሳለ በሰከንድ በሊትር ወይም በደቂቃ በኩቢክ ጫማ ይለካል። ጥልቀቱ አፉ ሲዘጋ በኪሎፓስካል ወይም በውሃ ኢንች ይለካል፤ 80 የውሃ ኢንች 20 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሰፊ ወለል ላይ የተኛን አመድ የሚያነሳው የአየሩ ብዛት ነው። ቀጭን ቱቦ ተገጥሞ ከሰሌዳ ኋላ ሲገባ ግን አየሩ ይታፈናል፤ አመዱን የሚጎትተው የስበቱ ጥልቀት ይሆናል። የፔሌት ምድጃ አስቸጋሪው አመድ በጠባብ ቦታ ስለሚገኝ ሁለት ማሽኖች ሲወዳደሩ ጥልቀቱ የሚበልጠውን መምረጥ ተገቢ ነው።

በየቦታው የሚሠሩ መሣሪያዎች

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ሰፊ አፍ ከምድጃው ግማሽ ክፍል አይደርስም። የመጀመሪያው ተጨማሪ ዕቃ 12 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ተጣጣፊ ቱቦ ነው፤ በትክክለኛ መጋጠሚያ ከቫኪዩሙ አፍ ጋር ይያያዛል። ይህ ርካሽ ቱቦ አመድ በሚደበቅባቸው ጥጋጥጎች፣ ማለትም በአመድ ኪሶቹ፣ ቀዳዳ ገብቶ ከጀርባ ሰሌዳው ኋላ የተጠራቀመውን ይስባል። ምርጥ ማሽን ያለዚህ ቱቦ ከሚሠራው ይልቅ መካከለኛ ማሽን ከዚህ ቱቦ ጋር የበለጠ ያጸዳል። ደረቅ አመድ በፕላስቲክ ቱቦ ሲሮጥ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር እጅን ይነዝራል፣ የምድጃውን ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ምድጃው ከሶኬት ይነቀላል፣ ቱቦውም ከኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ይርቃል።

የማንደጃ ሳህኑ የሚፈልገው መፋቂያ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካና ፖታሲየም በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ ድንጋይ መሰል ግግር ይሠራል፤ ቅርፊትና አፈር የበዛበት ፔሌት ይህን ያበዛዋል። ግግሩ በጠንካራ የብረት መፋቂያ ይነሳል። የሳህኑ የአየር ቀዳዳዎች አንድ በአንድ መከፈት አለባቸው፤ ለዚህ ልኩ ከቀዳዳው ጋር የሚገጥም የትራፓኖ ፑንታ በእጅ እየተሽከረከረ ይገባል። በማሽን ከተነዳ ቀዳዳውን ያሰፋውና የአየሩን ልክ ያበላሻል። ከሳህኑ አጠገብ ያለው ማቀጣጠያ በቀላሉ ይሰበራል፤ ብረት አይነካውም፣ በለስላሳ ፔኔሎ ይጠረጋል።

የማስተላለፊያ ቱቦዎቹ ምድጃው የራሱ መፋቂያ እጀታ ካለው ያንን ደጋግሞ በመግፋትና በመሳብ፣ ከሌለው በጠርሙስ ብሩሽ ይጸዳሉ። የጀርባ ግድግዳው የብረት ከሆነ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ከኋላው የተጣበቀውን አመድ ያረግፋል፤ ሲረግፍ የሚሰማው ድምፅ ራሱ ምን ያህል ተደብቆ እንደነበር ይመሰክራል። ብዙ የአውሮፓ ምድጃዎች ግን ውስጣቸው በቨርሚኩላይት ሰሌዳ የተሸፈነ ነው፤ ይህ ቁስ ልፍስፍስ ስለሆነ መዶሻ አይቀምስም፣ የቫኪዩም አፍም ሊጫነው አይገባም።

የጭስ ሳቢው ፋን በየዓመቱ ይወጣል። ምላሶቹ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋሉ፤ ከተጣመሙ ፋኑ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል። ፋኑ በወጣ ቁጥር ጓርኒሲዮኑ ስለሚቀደድ አዲስ አስቀድሞ መግዛት ነው። ለቧንቧው ልኩ ከቧንቧው ስፋት ጋር የሚመሳሰል ክብ ብሩሽና ተጣጣፊ ዘንግ ያስፈልጋል፤ ለስቴንለስ ቧንቧ የናይለን ብሩሽ ይሻላል፣ ተራ የብረት ብሩሽ የዝገት ፍሬ ይተክልበታልና። በመጀመሪያ በቲ ቅርጽ መጋጠሚያው ሥር ያለው ክዳን ይከፈትና ከረጢት ይታሰርበታል፤ ብሩሹ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ባትሪና ትንሽ መስታወት ከእነዚህ ጋር ቢኖሩ መታጠፊያው መጽዳቱ በግምት ሳይሆን በዓይን ይረጋገጣል።

ለበሩ መስታወት የተለየ ፈሳሽ መግዛት አያስፈልግም። ከቀዘቀዘ በኋላ የረጠበ ጋዜጣ የላመ አመድ ነክቶ ሲታሽበት ጥቀርሻው ይለቃል፤ አልካላይኑ ቅባቱን ይፈታል፣ ቅንጣቱም በልኩ ይፍቃል።

ከውጭ በኩል መሳብ

በሰሜን አሜሪካ የምድጃ ባለቤቶች ዘንድ የተለመደ፣ ውጤቱም የሚያስገርም አንድ ዘዴ አለ። ቅጠል ለመጥረግ የሚያገለግል፣ መንፋትም መሳብም የሚችል የኤሌክትሪክ ማሽን በሚስብበት አፉ በኩል ከጭስ ቧንቧው የውጭ አፍ ጋር በቧንቧ ይያያዛል። የሚስበው አየር ከቤትና ከጋራዥ ቫኪዩም እጅግ ይበዛል። ማሽኑ እየሳበ ሳለ አንድ ሰው ቤት ውስጥ የአመድ ኪሶቹን በብሩሽ ይቀሰቅሳል፣ ግድግዳውን ይመታል፤ አመዱ በምድጃው፣ በፋኑና በቧንቧው አልፎ ደጅ ይወጣል። ዘዴው ፋኑ ሳይፈታ አብዛኛውን መንገድ በጥቂት ደቂቃ ያጸዳል።

አደጋውም በዚያው ልክ ነው። አንድ ፍም ቢቀር በዚያ ንፋስ ነድዶ ወደ ደረቅ ቅጠል ይበራል፤ ስለዚህ ምድጃው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቶ መቆየት አለበት። ወደ ግፊት ስዊቹ የሚሄደው ቀጭን ጎማ አስቀድሞ ይነቀላል፤ ካልተነቀለ ስበቱ የስዊቹን ስስ ሽፋን ሊቀድ ይችላል። የሚወጣው የአመድ ደመና ከፍተኛ ስለሆነ ነፋሱ ወደ ጎረቤት መስኮት ወይም መኪና በማይነፍስበት ቀን ይሠራል። ይህን የሚከለክል የአምራች መመሪያ ካለ መመሪያው ይከበራል።

የቫኪዩሙና የአመዱ አያያዝ

ቫኪዩሙ ከሥራ በኋላ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ደጅ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ያድርና በማግስቱ ይራገፋል። ማጣሪያው ማስክ ተደርጎ ከቤት ውጭ ቀስ ተብሎ ይመታል። በውሃ የሚታጠበው አምራቹ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ እርጥብ አመድ በማጣሪያው እጥፋት ውስጥ ደርቆ ይጠነክራል፣ ብረቱንም ይበላል። አመዱ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ባልዲው ከቤቱ ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመክራል።

ትልቁ ጽዳት በየቶኑ ፔሌት አንድ ጊዜ፣ አመዱ ብዙ ከሆነ ቀደም ብሎ ይደረጋል። ዋናው ግን ብርዱ ሲያበቃ የሚደረገው ነው። ብዙዎች ይህን እስከሚቀጥለው ቅዝቃዜ ዋዜማ ያሳድሩታል፤ አመዱ በበጋው ወራት ከአየሩ እርጥበት እየመጠጠ የብረቱን ሰሌዳ፣ ፋኑንና ቧንቧውን ያዝጋቸዋል። ምድጃው ለመጨረሻ ጊዜ በጠፋ ሳምንት አመዱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረው ፔሌትና ሰጋቱራ በቫኪዩሙ ይሳባል፣ የጭስ ቧንቧው አፍም ወፍ እንዳይገባበት በወንፊት ይሸፈናል፤ ወንፊቱ ምድጃው እንደገና ከመቀጣጠሉ በፊት እንዲነሳ በማብሪያው ላይ ማስታወሻ ይለጠፋል።